ጽዋው የዘለለው ቤት

አንድ ማኅበር ነበር። በአንዲት የደጋ ከተማ፣ በአማኑኤል ስም የተቋቋመ፣ አሥራ ሁለት አባላት ያሉት ማኅበር። በየወሩ በሃያ ስምንት ከአባላቱ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦ ይቆርሳሉ፣ ከአንድ የሸክላ ጽዋ በየተራ ይጠጣሉ። ሲጨርሱ ጽዋው በነጠላ ተሸፍኖ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። ተረኛው ግን ብቻውን አይሄድም። ሁሉም እየዘመሩ እስከ ደጃፉ ይሸኙታል፤ ካህኑ ደጃፉ ላይ ቆመው ቤቱን ይባርካሉ፤ ከዚያ ይበተናሉ።

ይህን ልማድ ያመጡት ማኅበሩን የመሠረቱት አረጋዊ ካህን ነበሩ። "አባታችን፣ መንገድ ላይ ብንሰነባበት ምን አለበት?" ብሎ አንዱ ሰነፍ ሲጠይቃቸው፣ "ደጃፉን የማታውቀውን ሰው ወንድሜ ብትለኝ አላምንህም" ብለው መለሱለት።

እኚህ ካህን ከማረፋቸው በፊት አንዲት ሸክላ ሠሪ መበለት እጇን ይዘው ማኅበሩ ውስጥ አስገቡ። ትርንጎ ትባላለች። አንዲት ልጅ አለቻት፤ ዘነበች። ዘነበች በሕፃንነቷ በትኩሳት ተይዛ ሰው ሁሉ ተስፋ በቆረጠባት ጊዜ እናቷ፣ "አማኑኤል፣ ልጄን ብታተርፍልኝ ጽዋህን በቤቴ አነሣለሁ፤ ወዳጆችህን በገዛ እጄ አጠጣለሁ" ብላ ተሳለች። ልጅቱ ዳነች፤ አድጋም ከእናቷ ጋር ሸክላ መሥራት ጀመረች። ስለቱ ግን እንዳለ ነበር። ትርንጎ ማኅበር የገባችው ተራዋ ደርሶ ይህን ስለት ለማስገባት ነው። ሌላ የጠየቀችው ነገር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፤ በማኅበሩ ውስጥ ማንም በግልጽ አልተናገረውምና። በዚያች ከተማ፣ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ከእጁ የተቀበሉት እህል ውሃ ሰው ይጎዳል የሚል የቆየ ወሬ ነበር። ከሸክላ ሠሪ እጅ ተቀብሎ የታመመ ሰው ታይቶ አይታወቅም፤ ወሬው ግን እንደ ጤነኛ ሰው ዕድሜ ጠግቦ ይኖራል። የማኅበሩ ሰዎች ትርንጎ በሠራችው ድስት ወጥ ይሠራሉ። በቅዳሴ ከእሷ ጋር ይቆርባሉ። "እህታችን" ይሏታል። ቤቷ ገብቶ ውሃ መጠጣት ግን ለእነሱ ሌላ ጉዳይ ነበር።

የማኅበሩን መሪ "ሙሴ" ይሉታል፤ የቆየ ማዕረግ ነው። በዚያ ዘመን ሙሴው አንድ ዳኛ ነበር። ንግግሩ የታረመ፣ ካፖርቱ የተተኮሰ፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ነው። ይህ የመጨረሻው ጠባዩ ብዙ ጉዳት አድርሷል፤ ክፉ ቃል ሳይወጣው ክፉ ነገር መሥራት ይችልበት ነበርና።

የትርንጎ ተራ ነሐሴ ላይ ይውላል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጽዋው ሊሰጣት ሲገባ ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

"እህታችን ትርንጎ፣ ቤትሽ ዳገት ላይ ነው፤ ገደል ማለት ይቻላል። ነሐሴ ደግሞ ጭቃ ነው። አረጋውያን አሉን፤ አንዱ ቢንሸራተትብን ለልጆቹ ምን እንላለን? ዘንድሮ ይለፍሽ።"

ጽዋው እሷን ዘሎ ወደ አንድ ነጋዴ ቤት ሄደ። ትርንጎ ግን ብቅሉን አዘጋጅታ ስለነበር ጠላውን ጠመቀች። "ማን ያውቃል፣ ዝናቡ ያባራ ይሆናል" አለች። ዝናቡ አባራ። ማንም አልመጣም። ጠላውን መንገድ ለሚሠሩ የቀን ሠራተኞች አጠጣችው። እነሱም ጠጡ፣ መረቋት፣ በማግሥቱም በደህና ሥራቸው ላይ ተገኙ።

ዘነበች የማሰሮ አንገት እያለሰለሰች፣ "እማዬ፣ ዳገቱ እኮ ትናንት የበቀለ አይደለም" አለቻት። "ለድግሳቸው ጋን ተሸክመሽ ስትወርጂ ማንም ትንሸራተታለች ብሎ አልሰጋልሽም።"

"ዝም በይ። እውነታቸውን ይሆናል።"

"እውነታቸውን ከሆነማ ደረጃ ሥሪላቸው።"

ዘነበች ስትቀልድ ነበር። እናቷ ግን ቀልዱን እንደ ምክር ተቀበለችው። በጋውን ሙሉ ከሥራ በተረፋት ሰዓት ድንጋይ እያነጠፈች ከታች ከወንዙ መንገድ እስከ ደጃፏ ደረጃ ሠራች።

ተራዋ ተመልሶ ደረሰ። ዳኛው እንደገና ጉሮሮውን ጠረገ።

"ስለ ደረጃው ሰምተናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። አሁን የሚያሳስበን የቤትሽ ጥበት ነው። ሰው ተጨናንቆ ጸሎት አይሆንም።"

ሌሎቹም "እውነት ነው፣ ጠባብ ነው" አሉ። ቤቷን ያየ አንድም ሰው አልነበረም፤ ስለ ጥበቱ ግን ሁሉም መሰከሩ። ትርንጎ በዚያ ዓመት ከልጇ ጋር ጭቃ አቡክታ አንድ ሰፊ ክፍል ቀጠለች፤ በዙሪያውም መደብ ሠራችለት። ዘነበች መደቡን እየለቀለቀች፣ "ቀጥሎ ደግሞ ሰማዩ ዝቅ ብሏል ይሉሻል፤ መሰላል እናዘጋጅ?" አለቻት። ትርንጎ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም።

ተራዋ ለሦስተኛ ጊዜ ሲደርስ ዳኛው ጉሮሮውን አልጠረገም። ፈገግ ብሎ ተነሣ።

"ማኅበራችን በመበለት ላይ ሸክም አይጭንም። እህታችንን ከእንግዲህ ከተራ ነፃ አድርገናታል።"

አጨበጨቡላት። አዎ፣ ከመካከላቸው ሲያስወጧት አጨበጨቡላት።

ትርንጎ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀችና ተነሣች። "ጌታዬ፣ እኔ ሸክም ከበደኝ አላልኩም። ስለት አለብኝ።"

"ስለትሽን ለቤተ ክርስቲያን አስገቢዋ፤ ጥላም ቢሆን፣ ሻማም ቢሆን።"

"ጥላ አልተሳልኩም። በቤቴ አጠጣለሁ ነው ያልኩት። አሁን ለአማኑኤል ምን ልበለው? ወዳጆችህ አልመጣም አሉኝ ልበለው?"

በአረጋዊው ካህን እግር የተተኩት ወጣት ካህን የእጅ መስቀላቸውን ጫፍ መመርመር ጀመሩ፤ አዲስ ነገር ያገኙበት ይመስል ነበር። አንድ ቃል ከእሳቸው ቢወጣ ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። አልወጣም።

ዳገቱ ደረጃ ሆኗል፤ ቤቱ ሰፍቷል፤ ሴትዮዋ ሸክም አይከብደኝም ብላለች። ምክንያት አለቀባቸው። ምክንያት ያለቀበት ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ይሄዳል፣ ወይ እውነቱን ይናገራል። ዳኛው ሦስተኛ መንገድ አገኘ። በሚቀጥለው ወር እንዲህ አለ፦

"ወንድሞችና እህቶች፣ ከእኛ መካከል ሰፊ ቤት ያለው አለ፣ ጠባብ ቤት ያለው አለ። ይህ ልዩነት ለክርስቲያን አይገባም። ለምን የሁላችን የሆነ አዳራሽ አንሠራም? ከእንግዲህ ማንም ወደ ማንም ቤት አይሂድ። ሁላችንም እኩል እንሁን።"

ሁሉም አጨበጨቡለት። እኩልነት የሚለው ቃል ብዙ መከራ አይቷል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የዋለበት ቀን ግን ያለ አይመስለኝም። በአንዲት ሴት በር ላለመግባት ሲሉ የሁሉንም በሮች ዘጉ።

አዳራሹ ተሠራ፤ አማረም። ወንበር ተደረደረ፤ ድምፅ ማጉያ ገባ። ምግቡን የሚያዘጋጁ ሰዎች ተቀጠሩ። ለመጠጥ ብርጭቆ ስለተገዛ የሸክላው ጽዋ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ግድግዳ ላይ ተቀመጠ። አባላቱ በዙ፤ አንድ ዓይነት ቲሸርትም አሠሩ። አዲስ የገቡት የነባሮቹን ስም አያውቁም፤ ቲሸርቱ ላይ የተጻፈው የማኅበሩ ስም ብቻ ነበርና። የአንዱ አባል ሚስት መውለዷን የሰሙት ሕፃኑ ዳዴ ሲል ነው። የሌላው ሱቅ መቃጠሉን የሰሙት መልሶ ካሠራው በኋላ ነው። ሲገናኙ ግን "እንዴት ሰነበታችሁ" ይባባላሉ፤ መልሱን የሚጠብቅ አልነበረም እንጂ።

ትርንጎ መምጣቷን አልተወችም። ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች። ዘነበች "ምን ልታደርጊ ነው የምትሄጂው?" ስትላት፣ "እነሱ ትተውኛል፤ እኔ አልተውኳቸውም" ትላታለች።

ዓመታት አለፉ። ዳኛው ጡረታ ወጣ፤ ሚስቱም ሞተች። ትልቁን ቤት ለልጁ ለቆ ከወንዙ ማዶ ወዳለ ሰፈር፣ ወደ አንድ ትንሽ ቤት ገባ። ማኅበሩ እንደ ድሮው በየቤቱ ቢዞር ኖሮ እስከ አዲሱ ደጃፉ እየዘመሩ ሸኝተውት ቤቱን ያውቁት ነበር። አሁን ግን ማንም አላየውም።

አንድ ጠዋት ዳኛው ከአልጋው ሲወርድ ወደቀ፤ እግሩም ተሰበረ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ተጣራ፤ የሚሰማው አላገኘም። ቀኑ መሸ፤ ነጋም። የነጋው ቀን ሃያ ስምንት ነበር።

አዳራሹ ሞልቷል። የፊተኛው ወንበር ባዶ ነው። አንድ መምህር ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ "ሙሴያችን ዛሬ ስላልተገኘ መርሐ ግብሩን እኔ እመራለሁ" አለ።

ከኋላ ትርንጎ ጠየቀች። "ለምን አልተገኘም?"

"ሥራ ይዞት ይሆናል።"

"ጡረታ ከወጣ እኮ ቆየ። የምን ሥራ?"

አንዳንዶች ሳቁ። ነጋዴው "ደውዬለት ነበር፤ አያነሣም" አለ።

"ቤቱስ ማን ሄደ?"

ተያዩ። "ወንዝ ማዶ ገባ ሲሉ ሰምቻለሁ።" "ቀይ በር ነው መሰለኝ።" "ኧረ አረንጓዴ ነው ያሉኝ።" "እሱ ሌላ ሰው ነው።" መምህሩ ድምፅ ማጉያውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። "ከመርሐ ግብሩ በኋላ እናጣራለን። ወደ ትምህርታችን እንመለስ።"

የዕለቱ ትምህርት ስለ ፍቅር ነበር። ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

እሷም ቤቱን አታውቀውም። ወንዙን ተሻግራ እየጠየቀች ሄደች። በአንዱ በር ውሻ ጮኸባት፤ በሌላው "ዛሬ ሸክላ አንገዛም" አሏት። "የምሸጠው የለኝም፤ ሰው ጠፍቶብኝ ነው" እያለች ቀጠለች። በመጨረሻ አንዲት ሴት ወደ አንድ አጥር ጠቆመቻት። ብታንኳኳ የሚከፍት የለም። ጆሮዋን በሩ ላይ ብታደርግ ማቃሰት ሰማች። ጎረቤት ጠራች፤ አንድ ሰው አጥሩን ዘሎ የቤቱን በር በትከሻው ከፈተው። ሰውየው መኪና ሊፈልግ ሮጠ፤ ትርንጎ ገባች።

ዳኛው ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። "ውሃ" አለ። ትርንጎ ከቤቱ እንስራ በቤቱ ብርጭቆ ቀዳችና ተንበርክካ አቀረበችለት።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ብዘለው ደስ ባለኝ፤ ግን ሆኗል። ያ ሰው፣ ቀንና ሌሊት ውሃ ያልቀመሰ ሰው፣ ብርጭቆውን ከመቀበሉ በፊት እጇን አየ። አንድ አፍታ ብቻ። ትርንጎም አየችው።

እንደ ደንቡ ከብርጭቆው መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ከዚያ፣ "አይዞዎት ጌታዬ፤ ውሃው የራስዎ ነው፣ ብርጭቆውም የራስዎ ነው። የእኔ እጄ ብቻ ነው" አለችው።

ጠጣ። ደግማ ቀዳችለት፤ ጠጣ። ከዚያ ዓይኑን ከፊቷ አሽሽቶ፣ "ለምን መጣሽ?" አላት።

"ወንበርዎ ባዶ ነበር።"

ዳኛው ሐኪም ቤት ሰነበተ፤ በክራንች መሄድም ጀመረ። ማኅበሩ ይህን ሲሰማ በጣም ተነካ፤ ተሰብስቦም ለትርንጎ በወርቃማ ቀለም የተጻፈ የምስጋና ወረቀት እንዲሰጣት ወሰነ። ትርንጎ ግን ወንበሩ ባዶ ሆኖ ትምህርቱ ከቀጠለበት ከዚያ ቀን ወዲህ አዳራሹን ረግጣው አታውቅም። ወረቀቱን ቤቷ የሚያደርስላት ሰው ተፈለገ፤ ቤቷን የሚያውቅ ጠፋ። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

ነሐሴ ሃያ ስምንት ቀን ዳኛው በክራንቹ እየተደገፈ አዳራሹ ገባ። ቆመው አጨበጨቡለት። እሱ ግን ወደ ወንበሩ አልሄደም።

"ዛሬ የማን ተራ ነው?" አለ።

መምህሩ ግራ ተጋባ። "ሙሴያችን፣ ተራ እኮ ቀርቷል። አዳራሽ አለን።"

"የትርንጎ ተራ ነው። ዳገቱን ሳላየው ገደል ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ቤቷን ሳላየው ጠባብ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። ይህን አዳራሽ ያሠራሁት እሷ ቤት ላለመግባት ነው። እናንተም ታውቃላችሁ፤ ስላወቃችሁ ነው ያጨበጨባችሁልኝ።"

ነጋዴው በለሰለሰ ድምፅ፣ "ጌታዬ፣ ሕመሙ አድክሞዎታል። ልማድን በአንድ ጊዜ መስበር..." አለ።

"የሳጥኑ ቁልፍ የት ነው?"

ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። ለስንት ዓመት ማንም አልፈለገውም። ዳኛው ክራንቹን አነሣና መስታወቱን መታው። ስብርባሪው ወለሉ ላይ ሲረግፍ ሰው ሁሉ ደነገጠ። ከዚያ በፊት የዚያ ማኅበር ሰዎች እንዲህ ደንግጠው አያውቁም፤ ሰው ሲሰበር እንኳ እንዲህ አልደነገጡም ነበር። ዳኛው ጽዋውን አውጥቶ በነጠላው ሸፈነና ወደ በሩ ሄደ። ወጣቱ ካህን መስቀላቸውን ይዘው ተከተሉት። መምህሩ አመነታና ተከተለ። ከኋላ ከተቀመጡት ሁለት አሮጊቶችና ዘንድሮ ማኅበር የገባ አንድ ሰውም ተከተሉ። የቀሩት ቀሩ። ምግቡ ይቀዘቅዛል ያለ ሰው እንደነበረም ሰምቻለሁ።

እየጠየቁ ደረጃው ጋ ደረሱ። ማንም ስላልሄደበት ድንጋዩን ሣር ውጦታል። ዳኛው በየደረጃው ቆም እያለ፣ በክራንች፣ ወጣው። ገደል አልነበረም።

ትርንጎ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጭቃ ትሠራለች። ቀና ብላ አየቻቸው። "ድስት ፈልጋችሁ ከሆነ ገና አልተተኮሰም" አለች።

"እትዬ ትርንጎ" አለ ዳኛው፤ እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። "ተራዎ ነው። ጽዋውን ይዘን መጥተናል።"

እጇን ታጠበች፤ ለመታጠብ ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ፣ "ዛሬ ጠላ የለኝም" አለች። "በጠመቅኩ ጊዜ አልመጣችሁም።"

"ውሃ ይበቃናል።"

"ውሃ አለ። ግቡ።"

ገቡ። ክፍሉ ሰፊ ነበር፤ መደቡ ዙሪያውን አለ፤ ከተሠራ ጀምሮ ማንም አልተቀመጠበትም። ካህኑ ጸሎት አደረሱ። ትርንጎ ጽዋውን በውሃ ሞላች። እንደ ደንቡ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ልትቀምስ ስትል ዳኛው እጇን ያዘ።

"አያስፈልግም" አለ። ጽዋውን ከእጇ ተቀብሎ ጠጣ። ለካህኑ አቀበለ፤ ካህኑ ለመምህሩ፣ መምህሩ ለአሮጊቶቹ፣ እነሱም ለአዲሱ ሰው። ዘነበች በሩን ተደግፋ ቆማ፣ "እማዬ፣ ማንም አልወደቀም እኮ!" አለች። አሮጊቶቹ ሳቁ። ትርንጎ አልሳቀችም። ባዶውን ጽዋ ተቀብላ ደረቷ ላይ አቀፈችውና፣ "አማኑኤል፣ ስለቴን አስገብቻለሁ። የዘገየሁት እኔ አይደለሁም" አለች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ ግን አዳራሹ እስከ ዛሬ አለ። መስታወቱ ተቀይሯል። ባዶ ሳጥን ስለማያምር ነጋዴው ከገበያ አዲስ የሸክላ ጽዋ አስገዝቶ አስቀምጧል። በከተማዋ ሸክላ የሚሠሩት ትርንጎና ልጇ ብቻ መሆናቸውን ያስታወሰ ሰው የለም። አሮጌው ጽዋ ግን ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ጥቂት ሰዎች እየዘመሩ ይሸኙታል።

አንባቢ ሆይ፣ ክርስትና በአዳራሽ ስፋት፣ በቲሸርትና በድምፅ ማጉያ አይለካም። ማኅበር ማለት የወንድምህ ወንበር ባዶ ሲሆን ተነሥተህ የምትሄድበት፣ ያለ ፍርሃት ከእጁ የምትጠጣበት ኑሮ ነው። ለአንድ ሰው በሩን የዘጋ ማኅበር ለሁሉም ዘግቷል፤ ልዩነቱ ሌሎቹ እስኪወድቁ ድረስ አለማወቃቸው ነው። እኛም "ዳገት ነው፣ ጠባብ ነው፣ እንዳናስቸግራት ብለን ነው" እያልን በትሕትና ቃል የምናደርገውን ነገር በስሙ እንጥራው፤ ንቀት ነው።

እስቲ ማኅበርህን፣ ጉባኤህን፣ በቅዳሴ አጠገብህ የሚቆሙትን አስብ። ጽዋው የዘለለው የማንን ቤት ነው? ደጃፉንስ ታውቀዋለህ?